በሬው ካሜራ ሆነ፤ ካሜራው ቢጠፋስ?

አንድ የአንጋጫ ገበሬ ሁለት በሬዎች ነበሩት እንበል። ሰውየው ለምሳሌ ያህል የመጣ ነው፤ እንደ እርሱ ያለ አባት ግን በየመንደራችሁ አይጠፋም። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ አጣ። ከምባታ ውስጥ እንደምታውቁት ሰው ብዙ፣ መሬት ጥቂት ነው። ማሳው ተቆርሶ ለልጅ ቢሰጥ ለአባትም ለልጅም አይበቃም። ጓደኞቹ የደቡብ አፍሪካን መንገድ ያወራሉ። ልጁ ግን፣ "አባዬ፣ እኔ ፎቶ ማንሣት ለምጃለሁ። ካሜራ ካገኘሁ እዚሁ ሠርቼ እበላለሁ" አለ። ቤተሰቡ ተማከረ። አንደኛው በሬ ገበያ ወጣ። ከድንቹ ሽያጭ ጥቂት ተጨመረበትና ካሜራ ተገዛ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በሬው ከቤት ጠፍቶ አልቀረም። መልኩን ለውጦ ተመለሰ እንጂ። ያ በሬ መሬት ያርስ ነበር፤ ካሜራው ደግሞ ሰርግና በዓል ያርሳል። በመስቀል ጊዜ፣ በከምባታ መሳላ፣ በሐድያም ያሆዴ በሚባለው በዓል፣ ዘመድ ሁሉ ከያለበት ወደ ቤቱ ይገባል። ያን ጊዜ ፎቶ አንሺ እጁ አያርፍም። ሰርግ አለ። ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ አለ። የትምህርት ቤት ምረቃ አለ። በዚህ ገንዘብ የታናናሾቹ ደብተር ይገዛል፤ ማዳበሪያም ይገዛበታል።

ታዲያ ልጁ አንድ ምሽት ከሰርግ ሲመለስ ቦርሳውን ቢቀሙትስ? የተሳፈረበት መኪና ቢገለበጥና ካሜራው ቢሰበርስ? ፎቶ ቤቱ በኤሌክትሪክ ምክንያት ቢቃጠልስ? በሬውም የለ፣ ካሜራውም የለ። አባትየው ሁለተኛውን በሬ ይሽጥ?

እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ ብዙ ሰው የሚቆጥረው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነው። "ካሜራው ይህን ያህል ብር ነበር፤ ይህን ያህል ከሰረ" ይላል። ሂሳቡ ግን ጎዶሎ ነው። በእርሻ ወራት በሬ ቢሞትባችሁ የምታጡት የበሬውን ዋጋ ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። ሁለተኛው በሬ ጥማድ አጥቶ ይቆማል። ዝናቡ አይጠብቃችሁም። ጎረቤት የራሱን ሳይጨርስ በሬ አያበድርም። ዘር ሳይዘራ ይቀራል፤ የዚያ ዋጋ የሚታወቀው በአጨዳ ጊዜ ነው። የፎቶ አንሺም ነገር እንደዚሁ ነው። ካሜራው ሲጠፋ ሌንሱና መብራቱ ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሰርግ ቀብድ ተቀብሏል፤ ቀብዱንም በልቶታል። ሙሽሮቹ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ "ያ ልጅ ቀብድ በልቶ ቀረ" የሚል ወሬ ይመጣል። በትንሽ ከተማ ውስጥ ስም ከጠፋ ካሜራ ቢገኝም ሥራ አይገኝም።

ለዚህ ጉዳት መከላከያ የሚሆን አንድ ነገር አለ። መድን ይባላል። ኢንሹራንስ ማለትም ይኼው ነው።

መድን የከተማ ሰው ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ዋናውን ነገር ግን እናንተ ቀድሞም ታውቁታላችሁ። እድር አላችሁ አይደለም? አባሉ በየወሩ ጥቂት ይከፍላል። ሰው የሞተበት ቤት ያ የተጠራቀመ ገንዘብ ይሰጠዋል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ይመጣል። በአንዳንድ አካባቢ ቤት ለተቃጠለበት፣ ከብት ለሞተበትም የሚደርስ እድር አለ። በሬ ገደል ገብቶ እግሩ ሲሰበርም በብዙ የገጠር አካባቢ ጎረቤት ሥጋውን በቅርጫ ተከፋፍሎ ይገዛል። ሥጋው አምሮት አይደለም፤ ባለቤቱ በገንዘቡ ሌላ በሬ እንዲገዛ ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚባለው ይኼ ነው። መድን ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

አንድ ነገር ግን አትሳቱ። መድን የእድር ወንድም ነው እንጂ የእቁብ ወንድም አይደለም። በእቁብ የከፈላችሁት ብር ዕጣችሁ ሲወጣ ይመለሳል። በእድር ግን በቤታችሁ ሰው ባይሞት "ብሬን መልሱልኝ" አትሉም። "እንኳን አልደረሰብኝ" ትላላችሁ። መድን የገባ ፎቶ አንሺም ዓመቱ በሰላም ካለፈ የከፈለው ብር አይመለስለትም። ብዙ ሰው በመድን የሚከፋው ይህን ሳይረዳ ሲገባ ነው። "ዓመት ሙሉ ከፍዬ ምንም አላገኘሁም" ይላል። ያገኘውማ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይሰጋ ሠርቷል።

አሁን እርሳስና ወረቀት ያዙ። ቁጥሩን ለመማሪያ ያህል እኛ ያመጣነው ነው፤ የማንም ድርጅት ዋጋ አይደለም። 100 ፎቶ አንሺዎች አሉ እንበል። የእያንዳንዱ ካሜራ 50,000 ብር ያወጣል። በዓመት ውስጥ ከ100ዎቹ የሁለቱ ካሜራ ይጠፋል ወይም ይሰበራል። የማን እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም። የሁለቱ ካሜራ ዋጋ ሲደመር 100,000 ብር ነው። ይህን ለ100 ሰው ብናካፍለው ለእያንዳንዱ 1,000 ብር ይደርሰዋል። ለጽሕፈት ቤቱና ለሠራተኛው ወጪ 500 ብር እንጨምር። 1,500 ብር ሆነ። በዓመት 52 ሳምንት ስላለ በሳምንት 29 ብር ገደማ ማለት ነው። ያልከፈለው ሰው ዕድል ካልቀናው በአንድ ሌሊት 50,000 ብር ያጣል። የከፈለው 1,500 ብር እንደሚያጣ አስቀድሞ ያውቃል፤ ከዚያ በላይ ግን አያጣም። ምርጫው ይኼ ነው።

አባሉ የሚከፍለው ገንዘብ አረቦን ይባላል። ገንዘቡን ሰብስቦ ጉዳት ሲደርስ የሚከፍለው ድርጅት መድን ሰጪ ነው። እርሱ የሚከፍለው ካሣ ይባላል። ውሉ የተጻፈበት ወረቀት ደግሞ ፖሊሲ ይባላል። እነዚህን አራት ቃላት የሚያውቅ ሰው በመድን ቢሮ ጠረጴዛ ፊት አይደናገርም።

በአገራችን የመድን ሥራ የቆየ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መድን ውል ብዙ አንቀጾች አሉት። በ1967 ዓ.ም. 13 የግል መድን ድርጅቶች በመንግሥት ተወረሱ። በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመና ለብዙ ዓመታት ሥራውን ብቻውን ያዘ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ለአገር ውስጥ የግል ኩባንያዎች በሩን ከፈተ። ስለዚህ ዛሬ አንዱ ዋጋ ቢያስወድድ ሌላውን መጠየቅ ይቻላል። ለመኪና የሚገዛውን የሦስተኛ ወገን መድን ሳታውቁት አትቀሩም። እርሱ በሕግ የታዘዘ ነው፤ ባለመኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። የካሜራ መድን ግን ማንም አያስገድድም። ባለቤቱ አስቦ፣ ፈልጎ የሚገባው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይኸውም ማንበብ ነው።

ድሮ ማንበብ የማይችል ሰው ውል ፊት ሲቀርብ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትም ነበር። ምን ላይ እንዳተመ የሚያውቀው ችግር ሲመጣ ነው። እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል። ልጃችሁ የመድን ውል ሲያመጣ አብራችሁ አንብቡት። ጸሐፊው ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። ያልገባችሁ ቃል ካለ ጣታችሁን ቃሉ ላይ አድርጋችሁ "ይኼ ምን ማለት ነው?" በሉ። ማፈር የለም። ገንዘቡ የእናንተ ነው።

በመጀመሪያ የምትፈልጉት፣ ካሜራው የት ሲሆን ነው መድን ያለው የሚለውን ነው። ለፎቶ ቤቱ ብቻ የተገባ መድን፣ ቤቱ ሲቃጠል ወይም ሌባ ሰብሮ ሲገባ ይከፍል ይሆናል። ካሜራው ግን ቤት ተቀምጦ አይበላም። ከአንጋጫ ዱራሜ፣ ከዱራሜ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕና ወደ ገጠር ሰርግ ይዞራል። ስለዚህ በሄደበት ሁሉ፣ በመንገድም በመኪናም ውስጥ የሚሸፍን መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይኼኛው አረቦኑ ከፍ ይላል። ቢልም ለፎቶ አንሺ የሚጠቅመው ይኼ ነው። በሬውን በረት ውስጥ ብቻ አስጠብቆ ማሳ ላይ ጠባቂ የማይመድብለት ገበሬ አለ?

ቀጥሎ የስርቆቱን አንቀጽ ፈልጉ። ብዙ ውል ቁልፍ ተሰብሮ፣ በር ተገንጥሎ ወይም በጉልበት ተነጥቆ ለሚወሰድ ዕቃ ነው የሚከፍለው። ድግስ ላይ ካሜራውን ወንበር ላይ ትቶ ጠላ ሊጠጣ ለሄደ ሰው ላይከፍል ይችላል። መኪና ውስጥ አስቀምጦ በሩን ሳይቆልፍ ለሄደም እንዲሁ። መድን ገባሁ ብሎ ጥበቃ መተው የለም።

የዋጋው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አረቦን እንዲቀንስለት ብሎ 60,000 ብር የሚያወጣውን ካሜራ "30,000 ብር ነው" ብሎ የሚያስመዘግብ አለ። ካሜራው ወድቆ ማሠሪያው 10,000 ብር ሲሆን፣ "ከ30,000 ያነሰ ስለሆነ ሙሉውን ይከፍሉኛል" ብሎ ያስባል። ድርጅቱ ግን "መድን የገባህ ለግማሹ ነው፤ የጉዳቱንም ግማሽ እንከፍላለን" ሊል ይችላል። 5,000 ብር ይደርሰዋል። ተገላቢጦሹም አይጠቅምም። የ60,000ውን ካሜራ 120,000 ብሎ ቢያስመዘግብ የሚያተርፈው ትርፍ አረቦን መክፈል ብቻ ነው። የንግድ ሕጉ ለዕቃ የሚከፈለው ካሣ ከዕቃው ዋጋ መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። መድን ያጡትን ይመልሳል፤ አያበለጽግም። በዚያ ላይ ካሜራ በየዓመቱ እያረጀ ዋጋው ይወርዳል። ከሦስት ዓመት በፊት በተገዛበት ዋጋ ነው የሚከፍሉት ወይስ ዛሬ በሚያወጣው? አዲስ መግዣ ነው ወይስ የአሮጌው ግምት? ይህን ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ከካሣው ላይ የሚቀነስም አለ። ውሉ "የመጀመሪያው 2,000 ብር የባለቤቱ ነው" የሚል ከሆነ የ1,500 ብር ጉዳት ደርሶ ቢሮ መሄድ የጫማ ማለቅ ብቻ ነው። ይህ ክፋት አይደለም። ድርጅቱ በጥቃቅኑ ሁሉ እንዳይጨናነቅ፣ ባለቤቱም እንዲጠነቀቅ ነው። መጠኑን ግን አስቀድማችሁ እወቁ።

በእርጅና ቀስ በቀስ ለሚመጣ ጉዳትም አብዛኛውን ጊዜ ካሣ የለም። የደጋ ክረምት እርጥበቱ ብርቱ ነው። ሌንስ በእርጥብ ቦርሳ ውስጥ ወራት ከሰነበተ ውስጡ ሻጋታ ያበቅላል። ይህ ነቀዝ እህል እንደሚበላው ያለ ነው፤ ድንገተኛ አደጋ አይባልም። መድኃኒቱ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥና አልፎ አልፎ አውጥቶ ማናፈስ ነው።

ስትመዘገቡ እውነቱን ተናገሩ። ካሜራው አንዴ ተሰብሮ የተሠራ ከሆነ ተሠርቷል በሉ። ዕቃው ለሌላ ሰው የሚከራይ ከሆነ ይከራያል በሉ። የተደበቀ ነገር ኋላ ሲገለጥ ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል። ሆን ብሎ ለሰበረውማ ማን ይከፍላል?

አንድ ነገር ደግሞ ተረሳ። ካሜራው መድን ቢኖረውም በውስጡ ያለው ፎቶ መድን የለውም። ሰርጉ ከተነሣ በኋላ ካሜራው ከነሚሞሪው ቢጠፋ ድርጅቱ የካሜራውን ዋጋ ይከፍል ይሆናል። የሙሽሮቹን ቀን ግን ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ ብልህ ፎቶ አንሺ ያነሣውን በዚያው ሌሊት ወደ ሌላ ዕቃ ይገለብጣል፤ ሁለቱን በአንድ ቦርሳ አይዝም።

ሁሉም ፎቶ አንሺ ሁሉንም ዕቃ መድን ያስገባ አንልም። በዓመት ሁለትና ሦስት ሰርግ ብቻ የሚያነሣ ሰው አረቦኑ ትርፉን ሊበላበት ይችላል። በተለይ አሁን ሁሉም ሰው በእጁ ስልክ ይዞ ራሱን ስለሚያነሣ ሥራው እንደ ድሮው አይደለም። ማቆሚያ እግሩን፣ ቦርሳውን፣ ገመዱን ባለቤቱ ራሱ ይቻለው። ሲጠፋ ቤት የሚያናጋው ዕቃ የትኛው ነው? እርሱን ነው መድን ማስገባት። በእኛ አስተያየት በበሬ ሽያጭ ወይም በብድር የተገዛ ካሜራ ከዚህ ወገን ነው። ምክንያቱም ካሜራው ሲጠፋ ዕዳው አይጠፋም።

ቅርንጫፍ ቢሮ ለራቀበት ሰው ሌላም ዘዴ አለ። የአንጋጫ፣ የዱራሜና የሆሳዕና ፎቶ አንሺዎች ተሰብስበው የካሜራ እድር ቢያቋቁሙ ማን ይከለክላቸዋል? ጉድለቱን ግን እንንገራችሁ። 20 ሰው ብቻ ያለበት እድር በአንድ ወር ሦስት ካሜራ ቢጠፋበት ሣጥኑ ይራቆታል። መድን ድርጅት የሚጠነክረው ከብዙ ሺህ ሰው፣ ከብዙ አገር ስለሚሰበስብ ነው። ራሱም ከሌላ ትልቅ ድርጅት ዘንድ መድን ይገባል፤ ያ ጠለፋ መድን ይባላል። ይሁን እንጂ 20 ሰው አብሮ ሄዶ ዋጋ ቢጠይቅ ብቻውን ከሄደ ሰው ይልቅ ይሰማል።

"ለካሜራው ይህን ያህል ከተባለ ለእኛ በሬና ማሳስ?" ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በትግራይ አዲ ሀ በምትባል መንደር በ2001 ዓ.ም. 200 ያህል ገበሬዎች ለጤፋቸው የድርቅ መድን ገቡ። መድን ሰጪው ኒያላ ኢንሹራንስ ነበር። ገንዘብ ያልነበረው ገበሬ አረቦኑን በጉልበቱ፣ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ እንዲከፍል ተደረገ። ሥራው ወደ ሌሎች መንደሮች ሰፋ። በ2004 ዓ.ም. ዝናቡ ሲያጥር በትግራይ ከ1,800 በላይ ገበሬዎች ካሣ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በቦረና የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ለአርብቶ አደሩ ከብት ተመሳሳይ መድን ጀመረ። በእነዚህ መድኖች መርማሪ በየማሳውና በየበረቱ አይዞርም። የዝናቡን መጠን ወይም የሣሩን ልምላሜ ከሰማይ በሳተላይት ይለካሉ፤ ከተወሰነው በታች ከሆነ ለሁሉም ይከፈላል። ወጪው ይቀንሳል። ግን አንዳንዴ መለኪያው "ዘንቧል" ሲል የአንድ ሰው ማሳ ደርቆ ሊገኝ ይችላል። ያ ሰው ካሣ አያገኝም። እድር ይህን ሊያደርግ የማይችለው ለምንድን ነው? ሞት በአንድ ቀን በሁሉም ቤት አይገባም፤ ድርቅ ግን ይገባል። ሁሉም በአንድ ቀን ከተቸገረ ማን ማንን ይረዳል? ስለዚህ ድርቁ ያልደረሰበት የሩቅ ሰው ገንዘብ ያስፈልጋል።

ከመሣሪያውም በላይ የያዘው እጅ ይበልጣል። ሞሐመድ አሚን የሚባል የኬንያ ፎቶ አንሺ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በኮረም የነበረውን ረሃብ በካሜራው ቀርጾ ለዓለም ያሳየ ሰው ነው። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ ድምፅ የሚቀዳለት የሥራ ባልደረባውም ሞተ። እርሱ ሰው ሠራሽ እጅ ተገጥሞለት ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1989 ዓ.ም. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ሕይወቱ አለፈ። የካሜራ መድን ለካሜራ ብቻ ነው። በመንገድ ለሚውል ልጅ ለአካሉ የሚሆን የአደጋ መድንም ስላለ፣ ቢሮ ስትሄዱ የሁለቱንም ዋጋ በአንድ ጊዜ ጠይቁ።

ቢሮ የሚኬደው ግን ዕቃው በእጅ ሳለ ነው። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንዳይሆን። ለጠፋ ካሜራ መድን የሚሸጥ የለም። የግዢውን ደረሰኝ ይዛችሁ ሂዱ። ካሜራው ሥር የተጻፈ ቁጥር አለ፤ እርሱን በደብተር ገልብጡ። ካሜራውን ራሱን በሌላ ካሜራ ወይም በስልክ አንሡት። ደብተሩን፣ ደረሰኙንና የውሉን ግልባጭ ከካሜራው ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ቦርሳው ሲሄድ አብሮ ይሄዳልና። አባት ቤት፣ በሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።

ክፉ ቀን ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን ለፖሊስ አመልክቱና ማስረጃ ተቀበሉ። ለመድን ድርጅቱም ወዲያውኑ በጽሑፍ አሳውቁ። ውሉ ላይ የማሳወቂያ ቀን ተወስኗል፤ ቀኑ ካለፈ ክርክር ይመጣል። የተሰበረውን ዕቃ ሳያዩት አታሠሩ፤ ስብርባሪውንም አትጣሉ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ አንዱን ስትሰጡ፣ በእናንተ እጅ በሚቀረው ላይ የተቀበለው ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ እንዲፈርምበት አድርጉ።